የጓሮ በር የለንም

ሠራተኞቹ የሦስት ቁጥርን ክፍል ፕላስቲክ ምንጣፍ ከጥግ ይዘው መገንጠል ሲጀምሩ እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነበር። ምንጣፉ እየተላቀቀ ሲመጣ ከሥሩ አንድ ሽታ ተነሣና ኮሪደሩን አቋርጦ አፍንጫዬ ሥር ደረሰ። የንብ ሰም ነው። ስንት ዓመት ፕላስቲክ ሥር ታፍኖ የኖረ ሰም። ጉልበቴን ደግፌ ተነሣሁና ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። «እማማ፣ አቧራ ነው፤ ወደ ውጭ ይበሉ» አለኝ አንደኛው ሠራተኛ። «አቧራውን አንተ ፍራው» አልኩት። «እኔ ይህን ወለል ተንበርክኬ ስወለውል አንተ ገና አልታሰብክም ነበር።» ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሽታው ይዞኝ ሄዷል።

ለማያውቀኝ፣ አስካለ እባላለሁ። ቦንጋ ተወልጄ ቦንጋ አረጀሁ። የአባቴ አባት ከሰሜን መጥተው እዚሁ ከቀሩት አንዱ ናቸው፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ስንወጣ ካፊኖኖ እየተናገርን አደግን። ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ተርታ ቀጥሎ ያለው ባለ ረጅም በረንዳ ቤት የእኔ ነው። ስድስት ክፍል ያለው አልቤርጎ ነበር። ባለቤቴ ታደሰ ሠራው፣ እኔ አስተዳደርኩት። ወለሉ የቀረሮ ጣውላ ነው። ሰሙን ከማንኪራ ጫካ ማር ይዘው የሚመጡ ሰዎች ያቀብሉኝ ነበር፤ በድስት አቅልጬ፣ ላምባ ጠብ አድርጌበት፣ በአሮጌ ሹራብ ቁራጭ እየጠቀስኩ ቅዳሜ ቅዳሜ እወለውለዋለሁ። የሚገባው እንግዳ መልኩን እያየ ነበር የሚገባው። ቦንጋ ውስጥ ወለል ማብራት ግን ከሰማይ ጋር መጣላት ነው። ዝናቡ አንዴ ከጀመረ መቼ እንደሚያቆም የሚያውቅ የለም፤ ጭቃው ደግሞ ቀይ ነው፣ ከያዘ አይለቅም። ታደሰ ከመኪና ባሌስትራ ቆርጦ ደረጃው ጎን የጭቃ መጥረጊያ ብረት ተክሎ ነበር። ሰው ሁሉ ጫማውን እዚያ ላይ ፍቆ ነው የሚገባው። አውራ ጎዳናው ላይ ያለ መንገደኛ ሳይቀር ጎራ ብሎ ጫማውን ፍቆ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል።

ያኔ ከጅማ የሚነሣው አውቶቡስ የሚደርስበት ሰዓት አይታወቅም ነበር። ጭቃ ከያዘው ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል፤ ቦንጋ ሲደርሱ ከወገባቸው በታች ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ነው። አስተማሪዎቹ ሲመጡ ማየት ነበር! ከየአገሩ ተመድበው የሚመጡ ልጆች፣ አፍሮ ጸጉር፣ እስከ ደረት የተከፈተ አበባ አበባ ሸሚዝ፣ ታቹ የሰፋ ቦላሌ መሬቱን እየጠረገ። ጫማቸው ባለ ረጅም ተረከዝ። በሳምንቱ ያ ጫማ አልጋ ሥር ይገባና ከገበያ የጎማ ቦቲ ይገዛል። አልጋ በቀን አንድ ብር ከሃምሳ ነበር፤ ለወር የያዘ ደግሞ ይደራደራል። ሻይ በአሥር ሳንቲም። ማታ ማታ ማሾው ተለኩሶ ሳሎኑ ሲሞላ ባትሪው የደከመ ሬዲዮ እየተቆራረጠ ይዘፍናል፤ የደሴው አስተማሪ ክራር ነበረው፣ ከሬዲዮው ጋር ይፎካከራል። ኮርኒሱ በዱቄት ሙቅ የተወጠረ አቡጀዲ ስለነበር አይጥ ሲሮጥበት እግሩ ከታች ይታያል። አንድ የሐረር ልጅ አልጋው ላይ ተጋድሞ አይጡ በየትኛው ጥግ እንደሚወጣ ከጓደኛው ጋር ሲጋራ ይወራረድ ነበር። ዘመኑ የማን መንግሥት ነበር ብትሉኝ አውቃለሁ፤ ግን ምን ያደርግላችኋል? ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ፎቶ ነው የሚለዋወጠው፤ ምስማሩ ያው ነበር።

ዛሬ ያ ዳገት የባጃጅ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከመጣ ወዲህ ልጆቹ በስልክ እያወሩ ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ከሁለት በቀር የሉም፤ ከፊት ለፊቴ የነበረው ጸጉር ቆራጭ ቤት አራት ፎቅ ሆኖ ሰማያዊ መስታወት ለብሷል። ፀሐይ ስትወጣ ዓይኔን ይወጋኛል፤ ደግነቱ ፀሐይ አትበዛብንም። ደላሎቹ በየሳምንቱ ይመጣሉ። «እትዬ አስካለ፣ ይህ ቦታ ፎቅ ነው የሚጠይቀው» ይሉኛል። «ቦታው ሲጠይቅ እኔ አልሰማሁም፤ የምትጠይቁኝ እናንተ ናችሁ» እላቸዋለሁ። ጎረቤት ሁሉ ጭቃ ቤት የያዘች አሮጊት፣ እንቢ ባይ ይለኛል። ይበለኛ!

አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ሰናይት። እዚሁ ከተማ ቢሮ ትሠራለች። አምና «እማዬ፣ አልቤርጎው አርጅቷል፤ ቡቲክ ሆቴል እናድርገው» አለችኝ። እኔ የማውቀው ቡቲክ ልብስ የሚሸጥበትን ነው። አይደለም፣ ትንሽ ሆቴል ነው፣ ጥቂት ክፍል፣ የአካባቢውን መልክ የያዘ፣ ሰፈር ውስጥ ያለ አለችኝ። «ታዲያ እኔ አርባ ዓመት ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለሽ?» አልኳት። ከአዲስ አበባ አንድ አርክቴክት ይዛ መጣች፣ ናሆም የሚባል። ቀጭን፣ ጢማም፣ ሲያወራ እጁ አየር ላይ የሚሥል ልጅ ነው። እውነቱን ልናገርና ወደድኩት። ደላሎቹ የጠሉትን ሁሉ ወደደ። ቤቱ አይፈርስም አለ። የጭቃውን ግድግዳ በመዳፉ እያሻሸ ዞረ፤ በረንዳውን ሦስት ጊዜ ለካው። የጭቃ መጥረጊያውን ብረት ሲያይ ጎንበስ ብሎ ፎቶ አነሣው። ስምንት ክፍል፣ ቀርከሃና ቀረሮ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ መታጠቢያ። ፕላስቲኩ ይነሣ፣ ወለሉ እንደ ጥንቱ በሰም ይወልወል ያለውም እሱ ነው።

የተጣላነው መጀመሪያ በቡና ነው። ቡና የተገኘበት አገር ነውና ሁሉ ነገር ቡና ይሁን አለ። መብራቱ በስኒ ቅርጽ፣ የበሩ እጀታ በፍሬ ቅርጽ፣ ክፍሎቹም በየጫካው ቡና ስም ይጠሩ። «ልጄ» አልኩት፣ «ቡና ከእኛ ወጣ እያልን ስንከራከር የኖርን ሰዎች ነን። ግን እዚህ የሚመጣ እንግዳ ቡና ሊጠጣ እንጂ ቡና ውስጥ ሊተኛ አይደለም።» ሳቀና የስኒውን መብራት ሰረዘው። ክፍሎቹም አንድ ቁጥር፣ ሁለት ቁጥር እንደተባሉ ቀሩ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ፕላን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። መነጽሬን አደረግሁ። በረንዳው አለ፣ ሳሎኑ አለ፣ ክፍሎቹ አሉ። በስተጓሮ በኩል፣ ከወጥ ቤቱ ጎን፣ አንድ ሌላ በር ተሥሏል። ጣቴን አስቀመጥኩበት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሰርቪስ በር ነው እማማ። ሠራተኛው፣ አትክልት አቅራቢው፣ እንጨትና ከሰል የሚያመጣው፣ ቆሻሻ የሚያወጣው በዚህ ይገባል። እንግዳው በፊት ለፊት።»

«አይሆንም። ይህ ቤት አንድ በር ነው ያለው።»

«እማማ፣ የሆቴል ስታንዳርድ ነው። የእንግዳና የሰርቪስ መንገድ አይገናኝም።»

«በእኔ ቤት ይገናኛል።»

ሰናይት ከጠረጴዛው ማዶ ወንበሯን ሳበች። «እማዬ፣ እባክሽ። ደረጃ የሚሰጡን ሰዎች ሲመጡ ይህንን ነው መጀመሪያ የሚያዩት። በአንድ በር ምክንያት ኮከብ ልናጣ ነው?»

«ኮከቡን ሰማይ ላይ አየዋለሁ።»

«ካርታው እኮ አሁን በስሜ ነው» አለች። ወዲያው ተጸጸተች፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ግን ተናግራዋለች።

«ካርታው በስምሽ ነው» አልኳት። «በሩ ግን በስሜ ነው።»

ናሆም እርሳሱን አስቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ለልጄ ነግሬያት የማላውቀውን የነገርኳት፤ ለእሱም አብሮ ደረሰው።

ይህ ቤት መጀመሪያ የጓሮ በር ነበረው። በሩ ጎን ምስማር ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ አንድ ጣሳ ነበር። ጣሳው የማን ነበር ብትሉ፣ የእንጨት ሻጮች ነው። በዚያን ዘመን በዚህ አገር ከሰው ቤት ጣሪያ ሥር የማይገቡ፣ ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ የማይቀመጡ ተደርገው የሚቆጠሩ ወገኖች ነበሩ። ከጫካ እንጨትና ከሰል እያመጡ የሚሸጡልን እነሱ ናቸው። የወገናቸውን ስም አልጠራውም፤ ያኔ ስሙን የምንጠራው ለስድብ ስለነበር ነው እንጂ ስሙ ምንም ጥፋት የለበትም። በጓሮ ይመጣሉ፣ እንጨታቸውን ያወርዳሉ፣ ራቅ ብለው ይቆማሉ። ውሃ ከጠማቸው እኔ ከላይ አንቆረቁርላቸዋለሁ፣ እነሱ በዚያች ጣሳ ይቀበላሉ። ጣሳው ከቤት ዕቃ ጋር አይታጠብም። ገንዘቡን ድንጋይ ላይ አስቀምጣለሁ፤ እጅ ለእጅ አንነካካም። ማን አስተማረሽ ብትሉኝ ማንም። እኛ ከሰሜን የመጣን ነን፣ ይህ የአገሩ ልማድ ነው እንል ነበር፤ ልማዱን ግን ከአገሬው አሳምረን ያዝነው። የጣሳውን ጠርዝ በገዛ እጄ በስቼ በሽቦ ያንጠለጠልኩት እኔ ነኝ። ለሰናይት ያልነገርኳትም ለዚህ ነው፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከእኔ ጣሳ ነው።

ዓለሚቱ የምትባል አንዲት እንጨት ሻጭ ነበረች፣ በዕድሜ እኩያዬ። አራት ዓመት በጓሮ መጣች። አንድ የሐምሌ ቀን፣ ገና ከሰዓት በኋላ፣ አውቶቡሱ ተሳፋሪውን አብስብሶ አራገፈው። ሳሎኑ በሚንቀጠቀጥ ሰው ተሞላ፤ ታደሰ ጅማ ሄዷል፤ ቤት ውስጥ ያለው እንጨት ሁሉ እርጥብ ነው፣ ጭስ እንጂ እሳት አይወጣውም። በዚህ መሃል የጓሮው በር ተንኳኳ። ዓለሚቱ ናት። አንድ ሸክም እንጨት በእንሰት ቅጠል ከላይ እስከ ታች ጠቅልላ ይዛለች። ቅጠሉን ስትፈታው እንጨቱ ደረቅ ነው። ምንም ጠብታ አልነካውም። በበሩ ውስጥ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ወደ ኋላ ተመልሳ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ማዶ ቆመች፣ ገንዘቧን ልትጠብቅ። ውሃው ከራሷ እስከ እግሯ ይወርዳል። ለራሷ የሚሆን ቅጠል አላስተረፈችም፤ ሁሉንም ለእንጨቱ አልብሳዋለች።

እዚያው ቆሜ አየኋት። እንጨቱ ቤት ገባ፤ ሴትዮዋ ቀረች። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር፤ እኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። አፈርኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ሥር ይሞቀኛል።

«ነይ ግቢ» አልኳት በካፊኖኖ።

«እኔ እዚህ ደህና ነኝ እትዬ። እንጨቱ ይንደድ።»

«ግቢ ብያለሁ!»

«ሰው ይሄድብሻል» አለች። ለራሷ አልፈራችም፤ የፈራችው ለእኔ ነው። ይህ ይበልጥ አናደደኝ። ወጥቼ እጇን ያዝኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ። ቀዝቅዟል፣ የመጥረቢያ ጠባሳ አለበት። በጓሮ በር ላስገባት እችል ነበር፤ አላስገባኋትም። ቤቱን ዞሬ በፊት ለፊት፣ በበረንዳው፣ በዋናው በር ይዣት ገባሁ። ሰም በተወለወለው ወለል ላይ በባዶ እግሯ ተራመደችና ሳሎን ምድጃው ጎን አስቀመጥኳት፤ እሳቱን በእሷው ደረቅ እንጨት አነደድኩት። ሻይ ቀዳሁላት፣ በእንግዳ ብርጭቆ።

ከመንገደኞቹ መሃል ሻይ ሊጠጡ የተቀመጡት የከተማው ሰዎች አንድ በአንድ መነሣት ጀመሩ። ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር የሚቀመጥ አንድ የቡና ነጋዴ ነበር፣ ደህና ደንበኛችን፣ ሲመጣ ወንበሩ የሚወለወልለት። ዓለሚቱ ሻይዋን እስከ ግማሽ ጠጥታ ብርጭቆውን ስታስቀምጥ እሱ ወደ እኔ ዞረ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የለመደውን ነው የተናገረው።

«አስካለ፣ ብርጭቆውን ስበሪው። ሌላ ሰው እንዳይጠጣበት።»

ልማዱ እንዲያ ነበር። ብርጭቆው ይሰበራል፣ ነገሩም እንዳልነበረ ይሆናል። ብርጭቆውን አነሣሁ። ዓለሚቱ ቀና ብላ አላየችኝም። የቀረውን ግማሽ ሻይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እስከ መጨረሻው ጨለጥኩት። «ጣፋጭ ነው» አልኩ። «ሌላ የሚፈልግ አለ?»

ነጋዴው ኮቱን ይዞ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። የቀሩት መንገደኞቹና ሁለት አስተማሪዎች ናቸው፤ ያ የሐረሩ ልጅ ብድግ ብሎ «ለእኔ ቅጂልኝ፣ በዚያው ብርጭቆ» አለኝ። ብርጭቆውን ለመታሰቢያ አስቀመጥሽው ወይ እንዳትሉኝ። በኋላ በአንድ የእንቁጣጣሽ ጭፈራ ላይ የክራሩ አስተማሪ በክርኑ ጥሎ ሰበረው፤ ጠርገን ጣልነው።

ታደሰ ከጅማ ሲመለስ ወሬው መንገድ ላይ ጠብቆታል። ቤት ገባ፣ ካፖርቱን ሰቀለ። እኔ ለጠብ ተዘጋጅቻለሁ፤ የምመልሰውን ሁሉ ደርድሬያለሁ። መዶሻና ምስማር አነሣና ወደ ጓሮ ሄደ። ሲመታ ሰማሁ። ብወጣ የጓሮውን በር በሁለት አግዳሚ ጣውላ ቸንክሮታል፤ ጣሳውን ረግጦ አጣሞታል። «ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሁሉ በአንድ በር ነው የሚገባው» አለኝ። «እኔም ጭምር፣ ጭቃ ይዤ ብመጣ።» ደህና ሰው ነበር። ነፍሱን ይማረው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር። ለከተማው ሰው ደጃችንን ረገጠ መባል ነውር ሆነ። ሠርግ አልተጠራሁም፤ ገበያ ላይ ሰላምታ የሚነፍገኝ በዛ። ቤቱን ያቆሙት አስተማሪዎቹ ናቸው። እኔን የቆረጠኝ ግን ሌላ ነው። ዓለሚቱ አልመጣችም። የጓሮውን በር ለእሷ ብለን ዘግተን እሷ በቀረው በር አልገባችም። ከወራት በኋላ ገበያ አግኝቻት ያዝኳት።

«ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም። ቤትሽ ባዶ ሆነ ይላሉ። በእኔ ነው።»

«ሞልቷል እኮ! አስተማሪዎቹ አሉ።»

«እነሱ ሂያጅ ናቸው እትዬ። የቦንጋ ሰው ሲሞላ ላኪብኝ፤ ያን ጊዜ እመጣለሁ።»

በየዓመቱ ባገኘኋት ቁጥር «ሞላ?» ትለኛለች። እኔም «ገና» እላታለሁ። እየሳቅን ነበር የምንባባለው፤ ግን ሳቅ አልነበረም። ሕጉ ተለወጠ፣ ሰዉም ቀስ እያለ ተለወጠ፣ አንዳንዱ ከአንገት በላይ፣ አንዳንዱ ከልቡ። ልጆቿ ተማሩ። እኔም አረጀሁ፤ ታደሰ ሞተ። በሩ እንደተቸነከረ ቆየ።

ይህን ነገርኳቸው። ሰናይት እያለቀሰች ነበር። ናሆም ግን የሙያ ሰው ነው፣ ወዲያው እጁን አልሰጠም። «ገባኝ እማማ» አለ። «ግን ቆሻሻውስ? እንግዳ ሲገባ ቆሻሻ ከፊቱ ይውጣ?»

«ቆሻሻውን ያመጣው እሱ አይደለም እንዴ? ሲወጣ ቢያየው ምን ይሆናል?»

ፕላኑን ጠቅልሎ ሄደ። አይመለስም ብዬ ነበር። በሳምንቱ ተመለሰ። የጓሮው በር የለም። ወጥ ቤቱን ከጓሮ አንሥቶ ወደ ፊት አምጥቶታል፣ ከበረንዳው በስተቀኝ። በሩ ሰፍቶ ባለ ሁለት ተከፋች ሆኗል። ማር ይዞ የመጣውም፣ ሻንጣ ይዞ የመጣውም በዚያው ይገባል፤ አንዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ አንዱ ወደ ግራ። «እንዲህ ያለ ሠርቼ አላውቅም» አለኝ። «ኮከቡን ላታገኙ ትችላላችሁ።» ሰናይት ከእኔ ቀድማ «ይቅር» አለች።

የተመረቀበት ቀን ዘነበ፤ ባይዘንብ ይገርመኝ ነበር። ሳሎኑ ግጥም አለ። ጎረቤቱ፣ ልብስ ሰፊዎቹ፣ የሰናይት የቢሮ ሰዎች፣ ከሺሺንዳ ሳይቀር የመጡ ዘመዶች፣ እንቢ ባይ ሲሉኝ የነበሩት ሁሉ። መስኮቱ ሥር የተቀመጠው የዚያ የቡና ነጋዴ ልጅ ነው፤ ቁርጥ አባቱን። ዞር ዞር ብዬ አየሁና ባጃጅ ጠርቼ ሰው ላክሁ። «ለዓለሚቱ እንዲህ በላት፦ የቦንጋ ሰው ሞልቷል።»

መጣች። ልጇ በአንድ በኩል ደግፋታለች፣ በሌላ በኩል ምርኩዝ። ከባጃጁ ወርዳ እስከ በረንዳው ድረስ መጣችና ጠፈጠፉ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከማዶው። ልክ ያኔ የቆመችበት ርቀት ላይ። ልጇ «ግቢ እንጂ» አለቻት፤ አልተንቀሳቀሰችም። እግሯ እንቢ አለ። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ወደ በሩ ዞሮ ያያል፤ ናሆም ጃንጥላ ፍለጋ ይራወጣል።

እኔ ወጣሁ። አዲሱን ቀሚሴን እንደለበስኩ ከጣሪያው ወጥቼ ከጎኗ ቆምኩ። ውሃው ከአንገቴ ሥር ገባ።

«አንቺ ምን ሆነሻል? ትታመሚያለሽ!» አለችኝ።

«እኔ እዚህ ደህና ነኝ» አልኳት። «ቤቱ ይንደድ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቀች ነው። ምርኩዟን ለልጇ ሰጠችና ክንዴን ያዘች። ወደ ጭቃ መጥረጊያው ብረት ዘወር ልትል ስትል ጎተትኳት። «ተዪው። እንዳለሽ ግቢ።»

በአንዱ በር ገባን፣ ሁለት የበሰበሱ አሮጊቶች። መስኮቱ ሥር ያለው ሰውዬ ተነሣ። ወንበሩን ሊለቅልን ይሁን ሊሄድ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አልጠየቅሁትም። ወንበሩ ላይ ዓለሚቱን አስቀመጥኳት። ከኋላችን፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ በሰም በሚያበራው ወለል ላይ የአራት እግር ቀይ ጭቃ ተሰልፏል። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያ ይዛ ሮጣ መጣች፣ ደንግጣ።

«አስቀምጪው» አልኳት። «እስኪመሽ ማንም አይነካውም። የገባ ሁሉ አይቶት ይለፍ።»